ቲማቲሜን ስረጨው ትሉ ለምን አይሞትም?

ጥያቄ፦ አዳማ አካባቢ በመስኖ ቲማቲም አለማለሁ። ቅጠሉ ነጣ ነጣ እያለ ይደርቃል። አንዳንዱ ቅጠል ተጣብቆ ውስጡ ትንሽ አረንጓዴ ትል አገኛለሁ። አንድ ዓይነት መድኃኒት ደጋግሜ ረጨሁ፤ ለውጥ የለም። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ የነገሩኝ ምልክት ቱታ አብሶሉታ ወደሚባለው የቲማቲም ተባይ ያደላል። ግን ሌላ ኬሚካል ከመግዛትዎ በፊት ያረጋግጡ። የተጎዳውን ቅጠል ወደ ፀሐይ ከፍ አድርገው ይዩት። እየተጠማዘዘ የሚሄድ ቀጭን ነጭ መስመር ከሆነ የቅጠል ሰርሳሪ ዝንብ ሥራ ነው። ሰፋ ያለ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭ ቦታ ሆኖ ውስጡ ጥቁር ኩስና ትል ከታየ ግን ቱታ ነው። ትሉን በስንጥር አውጥተው ከጭንቅላቱ ኋላ ይመልከቱ፤ ጠቆር ያለ ቀጭን ግማሽ ቀለበት አለው። ፍሬው ላይም ከአረንጓዴው ቆብ ሥር ትንንሽ ቀዳዳ ይፈልጉ።

እናትየዋ ግራጫ የእሳት እራት ናት፤ ርዝመቷ ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀን ቅጠል ሥር ተደብቃ ስለምትውል ብዙ ሰው አያያትም። አንዷ እስከ 260 እንቁላል ትጥላለች፤ በአብዛኛው በቅጠሉ ጀርባ፣ አንድ በአንድ። እንቁላሉ በ4 ወይም በ5 ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ወዲያው ቅጠሉን በስቶ ይገባል፤ ሁለት ሳምንት ገደማ ይበላል። ከዚያ አብዛኛው አፈር ውስጥ ወርዶ ፑፓ (ሳይበላ ተሸፍኖ ወደ እሳት እራት የሚለወጥበት ደረጃ) ይሆናል፤ ከ10 ቀን ገደማ በኋላ የእሳት እራት ሆኖ ይወጣል። ሙቀቱ 27 ዲግሪ ሲሆን ዙሩ በ24 ቀን ያልቃል፤ 14 ዲግሪ ላይ ግን 76 ቀን ይፈጃል። እንግዲህ የአዳማን ሙቀት ያስቡት!

መድኃኒቱ እምቢ ያለዎት አንድም ለዚህ ነው። ትሉ በቅጠሉ ሁለት ገጽ መሃል ነው፤ ፑፓው አፈር ውስጥ ነው። ላዩን ብቻ የሚነካ መድኃኒት አያገኛቸውም። ቱታ ደግሞ አንድ ዓይነት ኬሚካል ሲደጋገምበት ይለምደዋል። ሱቅ ሄዶ «ጠንከር ያለ ስጠኝ» ማለት ገንዘብ መጣል ነው። የቀበሌዎን የግብርና ባለሙያ ለቱታ የተመዘገቡ፣ አሠራራቸው የተለያየ መድኃኒቶች ይጠይቁና እያፈራረቁ ይርጩ። ከርጭት እስከ ለቀማ የሚጠበቀውን ቀንም አይዝለሉ።

የተጎዳውን ቅጠልና ፍሬ ዛሬውኑ ለቅመው በላስቲክ አስረው ፀሐይ ላይ ያቆዩት፤ ማሳው ዳር ከጣሉት ትሉ ተመልሶ ይመጣል። አውጥ የሚባለውን አረምም ይንቀሉ፤ ቱታ ይራባበታል። ለቀማው ሲያልቅ ግንዱን ቶሎ ያስወግዱ። ቀጥሎ ሽንኩርት ወይም በቆሎ ይዝሩ፤ ድንችና ደበርጃን ግን አይሆኑም። ከገበያ የሚመለሰውን የእንጨት ሳጥንም ማሳ ውስጥ ከማስገባትዎ በፊት አራግፈው ይጠቡት፤ ቱታ በሱም ሊገባ ይችላል።