ከስንዴ የራቀ ኑሮ፦ ለእህታችን ጥያቄ መልስ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሴሊያክ፣ ማለትም ስንዴና መሰሎቹ አንጀት የሚጎዱበት ሕመም፣ አለብሽ ከተባልሽ ጥቂት ወራት ሆኖሻል። ዳቦውን መተው ብዙም አልከበደሽም። የከበደሽ ሰው ቤት መሄዱ ነው። «ትንሽ ብትቀምሽ ምን ትሆኛለሽ?» የሚሉሽ ሰዎች አሰልችተውሻል፤ ማታ ማታ ብቻሽን ታለቅሻለሽ። «እናንተ እንዴት ለመዳችሁት?» ብለሻል። እኔ ከዚህ ነገር ጋር ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ሐኪም አይደለሁም፤ የኖርኩትን ነው የምነግርሽ። ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ ለቅሶው። አልቅሺ፣ ምንም ነውር የለውም። ያጣሽው ዳቦ ብቻ መስሎ ለሚታየው ሰው ነገሩ አይገባውም። ያጣሽው ሳያስቡ መብላትን ነው። ሲርብሽ እግርሽ ያደረሰሽ ቦታ ገብተሽ ማዘዝ፣ ከጓደኛሽ ሰሃን አንስቶ መቅመስ፣ ልደት ላይ የተቆረሰልሽን ኬክ ሳይጠይቁ መቀበል። ሌላው ሰው ይህ ሁሉ እንዳለው እንኳ አያውቅም። ብዙዎቻችን መጀመሪያ እፎይ እንላለን፤ በተለይ ለዓመታት «ጭንቀት ነው» ሲባል የኖረ ሰው የሕመሙን ስም ሲያገኝ ደስ ይለዋል። ንዴቱና ሐዘኑ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ሁሉም ሰው ለመድሽው ብሎ ሲረሳ ነው። አንቺ አሁን ያለሽው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ዋናውን ነገር ልንገርሽ። ውሳኔሽን ማዕድ ላይ አታድርጊው። ሰው ርቦት፣ ሁሉም እያየው፣ ይሉኝታ ይዞት በደንብ መወሰን አይችልም። ቤትሽ ቁጭ ብለሽ፣ ሆድሽ ጠግቦ፣ አንዴ ወስኚ። ከዚያ በኋላ ድርድር የለም። በየቀኑ «ዛሬስ ትንሽ?» እያሉ ከራስ ጋር መሟገት ከምግቡ ይልቅ ያደክማል። ጉዳዩ ሲዘጋ ግን፣ ብታምኚም ባታምኚም፣ ይቀላል።

ለመዝጋት ደግሞ ምክንያቱን ማወቅ ይረዳል። ሴሊያክ አለርጂ አይደለም። በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው እህል ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን ሲገባ፣ የሰውነታችን መከላከያ ተሳስቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ይመታል። ምግብ የሚመጥጡት ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች ይረግፋሉ። አንድ ቁራጭ ዳቦ ውስጥ 2 ግራም ያህል ግሉተን አለ። በየቀኑ 50 ሚሊ ግራም ለ3 ወር የተሰጣቸው ሕመምተኞች አንጀታቸው እንደተጎዳ በጥናት ታይቷል። ይህ ከዚያች ቁራጭ ዳቦ አርባኛው እጅ ነው፤ ፍርፋሪ ማለት ነው። ሌላው ነገር፣ አንዳንዱ ሰው አንጀቱ እየተጎዳ ምንም አይሰማውም። ስለዚህ «ቀምሼ ነበር፣ ምንም አልሆንኩም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም።

ቤተሰብ አላምን ካለሽ የዲከን ታሪክ ንገሪያቸው። ቪለም ካረል ዲከ የሚባል የኔዘርላንድስ የሕፃናት ሐኪም ነበር። ስንዴን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትም ይጠረጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት አገሩ ላይ ከባድ ረሃብ ገባ፤ ዳቦ ጠፋ። እንግዲህ ሌላው ሕዝብ ሲራብ እነዚያ ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች ተሻላቸው። ዳቦ ሲመለስ እነሱም ተመልሰው ታመሙ። እኔ ሳይንሱን ስዘበዝብላቸው የሚያዛጉ ዘመዶቼ ይቺን ታሪክ ግን ጸጥ ብለው ሰምተዋታል።

ወደ ወጥ ቤት እንግባ፤ ብዙ ጥንቃቄሽን እዚህ ብታፈሺው ውጭው ይቀልሻል። ዕቃ ሁሉ መጣል የለብሽም። ልሙጥ ብረትና ብርጭቆ በሳሙና በደንብ ከታጠበ ይበቃል። ለብቻሽ የሚያስፈልግሽ ቀዳዳና ስንጥቅ ያለው ነው፦ ወንፊት፣ የእንጨት ማማሰያ፣ የእንጨት መክተፊያ፣ ቶስተር። የቅቤና የማርማላታ ዕቃም ለይ፤ ሰው ዳቦ የነካ ቢላዋ መልሶ ይነክርበታል። ፓስታ የተቀቀለበት ውሃ፣ በዱቄት የተለወሰ ነገር የተጠበሰበት ዘይትም አይሆንሽም። ከቤተሰብ ጋር ከሆንሽ ያንቺን ምግብ ቀድመሽ አብስይ፤ ዕቃሽን የላይኛው መደርደሪያ ላይ አድርጊ፣ ፍርፋሪ ወደ ላይ አይወድቅም።

እህሉ እንኳ ብዙ ነው። ሩዝ፣ በቆሎ፣ ማሽላ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ድንች፣ ጥራጥሬው ሁሉ፤ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ አትክልትና ፍራፍሬ። ተንኮሉ ያለው ቅልቅል ላይና ወፍጮ ላይ ነው። ስንዴ በተፈጨበት ወፍጮ ወዲያው የተፈጨ በቆሎ ንጹህ በቆሎ አይደለም። ምስርም ለቀም አድርጊው፤ የስንዴ ፍሬ አይጠፋበትም። አጃ ላይ ደግሞ አትቸኩይ። ብዙ ሰው ያልተበከለውን አጃ ይችለዋል፣ አንዳንዱ ግን አይችልም። ከሐኪምሽ ጋር ተነጋግረሽ ቆይተሽ ሞክሪው።

የታሸገ ነገር ላይ «ከስንዴ ነፃ» ማለት «ከግሉተን ነፃ» ማለት አይደለም፤ ገብስ ሊኖርበት ይችላል። ብቅል ካየሽ መልሰሽ አስቀምጪው። የአኩሪ አተር ሶስ ብዙውን ጊዜ ስንዴ አለው፣ ይሄ ብዙ ሰው ያታልላል። በብዙ አገሮች «ከግሉተን ነፃ» ተብሎ ለመጻፍ በኪሎ ከ20 ሚሊ ግራም በላይ ግሉተን መኖር የለበትም፤ ይህን ጽሑፍ ካየሽ ብዙ አትጨነቂ። አንድ ነገር ብቻ፦ ከግሉተን ነፃ ብስኩትም ብስኩት ነው። ብዙዎቹ አሰር የላቸውም፣ ስኳራቸውም አያንስም። ክብደት መጨመርና የሆድ ድርቀት ከዚህም ይመጣል።

አሁን ሰው ቤት። ቀኑ ሳይደርስ ለጋባዥሽ ደውዪ። አጭር አድርጊው። «የምመጣው ለጨዋታ ነው፣ ስንዴና ገብስ ሐኪም ከልክሎኛል፣ እንዳትጨነቂ የምበላውን ይዤ እመጣለሁ» በያት። ልሥራልሽ ካለች አንድ ቀላል ነገር ጠይቂያት፤ የተቀቀለ ድንችና እንቁላል ማንንም አያስቸግርም። ሁሉንም ነገር ለማስተካከል ቃል የምትገባ ሴት በመልካም ልብ ትሳሳታለች። ደግሞም ቀመስ አድርገሽ ሂጂ። ርቦት የሄደ እንግዳ ሁሉም ነገር ያምረዋል።

ማዕዱ ላይ «አታካብጂው» የሚል አይጠፋም። አታስረጂ። ስለ አንጀት ንግግር ማድረግ የጀመርሽ ቀን ምሽቱ በሙሉ ስላንቺ ይሆናል። አንድ ዓረፍተ ነገር ያዢ፣ ሳትቆጪ ደጋግመሽ እሷኑ በያት። የኔ «ዶክተሩ ከልክሎኛል፣ ጨዋታውን ቀጥሉ» ናት። ሦስተኛው ላይ ይሰለቻቸዋል። የሚከፋቸው አሉ፣ እውነት ነው። እኔ ግን የሰው ቅሬታ ከአንጀቴ ቀድሞ እንደሚድን አይቻለሁ።

ምግብ ቤት ከሆነ ሰው ባልበዛበት ሰዓት ደውዪ። «ግሉተን አለው?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ግሉተን ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው «የለውም» ይልሻል፣ ዋሽቶ አይደለም። «ሶሱ በምን ይወፍራል? ድንቹ ከምን ጋር ነው የሚጠበሰው? ሥጋው ዱቄት ይነካል?» በይ። የሚያመነታ መልስ ከሰጠሽ ሻይ ጠጥተሽ ውጪ።

በዚህ ሁሉ መጠንቀቅሽ ደግሞ ሌላ ገደል እንዳይጥልሽ። ከሚገባው በላይ እየተጠነቀቁ ከቤት መውጣት የተዉ ሰዎች አሉ፤ እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ኑሮን እንደሚያከብድ ጥናቶችም አሳይተዋል። ግሉተን የሚጎዳሽ ስትውጪው ነው። የዳቦ ሽታ አይጎዳሽም። ዳቦ የሚበላ ሰው አጠገብ መቀመጥም አይጎዳሽም። የዱቄት ብናኝ በሚበንበት ቦታ ብቻ ራቅ በዪ፣ እሱ አፍ ውስጥ ይገባል።

አንድ ቀን ሳታውቂ ትበያለሽ። ውሃ ጠጪ፣ ዕረፊ፣ የሚቀጥለውን ምግብ እንደወትሮው ብዪ። አንዴ መሳሳት ያዳንሽውን ሁሉ ዜሮ አያደርገውም። «እንግዲህ ከተበላሸ» ብሎ ሳምንቱን ሙሉ መብላት ነው ጉዳቱ። ታገሺም፤ በአዋቂ ሰው አንጀት ሙሉ በሙሉ ለመዳን 2 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። እስከዚያ ወተት ቢረብሽሽ አትደንግጪ፣ ብዙ ጊዜ አንጀቱ ሲድን ይተዋል።

ለቅሶው ሳምንታት አልፎ ካልቆመ፣ እንቅልፍ ከነሳሽ፣ ከሰው ካራቀሽ ግን ለሐኪምሽ ተናገሪ። ሴሊያክ ባለባቸው ሰዎች ላይ ድባቴና ጭንቀት ከሌላው በዝቶ ይታያል፤ አንቺ ደካማ ስለሆንሽ አይደለም። የደም ማነስም ሰውን ያዝላል፣ ያስለቅሳል። ስለዚህ በሚቀጥለው ቀጠሮሽ የሴሊያክ አንቲቦዲሽ (በደም የሚለካው፣ የሰውነት መከላከያው የሚሠራው ነገር) ወርዶ እንደሆነ፣ አይረን፣ ቫይታሚን ዲ፣ ቢ12 እና ፎሊክ አሲድ እንዲታዩልሽ ጠይቂ፤ የአጥንት ምርመራ ያስፈልግሽ እንደሆነም አማክሪ።

ወላጆችሽ፣ ወንድምና እህቶችሽ፣ ልጆችም ካሉሽ እነሱም ይመርመሩ። የቅርብ ዘመድ ላይ ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ይገኝበታል፣ ምልክት ባይኖረውም። ደማቸውን ከመስጠታቸው በፊት ግን ስንዴ መብላታቸውን እንዳያቆሙ፤ ካቆሙ ምርመራው በሐሰት «የለም» ሊል ይችላል። «አታካብጂው» የሚልሽ የቅርብ ዘመድ ካለ እሱን ቀድመሽ ላኪው።