የቀይ ባሕርን ትናንሽ ዓሦች በመልካቸው መለየት፦ ጥያቄና መልስ

በቀድሞው ባሕር ኃይል ምፅዋ ላይ በጠላቂነት ያገለገሉትና ዛሬ ደሴ የሚኖሩት አባላችን ለቀረቡላቸው ጥያቄዎች የሰጡት መልስ የሚከተለው ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ጅዳ ያለችው እኅቴ በላከችልኝ ፎቶግራፍ ላይ ነጭ ቀበቶ ያለው ብርቱካናማ ዓሣ ይታያል። ልጆች በካርቱን የሚያውቁት ነውን?

መልስ፦ አይደለም። የካርቱኑ ሦስት ቀበቶ አለው፤ ቀይ ባሕር ውስጥም አይኖርም። ያንተው አምፊፕሪዮን ባይሲንክተስ ሲሆን፣ ስሙም «ባለ ሁለት ቀበቶ» ማለት ነው። ቀለሙን ትተህ ቀበቶውን ቁጠር።

ጥያቄ (ሆጤ)፦ በቪዲዮ ያየሁት ትንሽ ቢጫ ዓሣ ምን ይባላል?

መልስ፦ ቢጫ የሆኑትን ሁሉ ብዘረዝር ይመሻል። ቅርጹንና አፉን ግለጽ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ የትልልቅ ዓሦችን ገላ የሚያጸዳውን ዓሣ ከአስመሳዩ እንዴት እንለየዋለን?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ደስ ያሰኛል። አጽጂው ጣት የምታህል ሰማያዊ ዓሣ ሲሆን፣ ከአፉ እስከ ጅራቱ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር መስመር አለው፤ ትልቁ ዓሣ አፉንና ስንጥቡን ከፍቶለት ጥገኛ ተባዩን ይለቅምለታል። አስመሳዩም ያንኑ ቀለም ለብሶ፣ ያንኑ ውዝዋዜ እየተወዛወዘ ይጠጋና ከክንፉ ጫፍ ቦጭቆ ይሸሻል። እኔም ብዙ ጊዜ ተታልያለሁ፤ የነቃሁት አንድ ትልቅ ዓሣ በድንገት ተስፈንጥሮ ሲሸሽና የክንፉ ጠርዝ ተሸርፎ ሳይ ነው። የአጽጂው አፍ ከፊቱ ጫፍ ላይ ነው፤ የአስመሳዩ ግን ከአፍንጫው ሥር ተደብቋል። ቀለም ያታልላል፤ አፉን እዩ።

አባል (ኮምቦልቻ)፦ ጋሼ፣ ቅድም ቀበቶ ያሉት ሰንበር መባል የለበትምን?

አባል (ደሴ)፦ ሰንበር እኮ የጅራፍ ምልክት ነው፤ ዓሣውን ማን ገረፈው?

መልስ፦ እንደ ወደዳችሁ ጥሩት፤ ብቻ ከጀርባ ወደ ሆድ መውረዱን ወይም ከራስ ወደ ጅራት መሄዱን ጻፉ።

ጥያቄ (ደሴ)፦ በአንድ መንጋ የሚዋኙት አንቲያስ የተባሉት ብርቱካናማና ሐምራዊ ትናንሽ ዓሦች ሁለት ዘር ናቸውን?

መልስ፦ አንድ ዘር ናቸው። ብርቱካናማዎቹ ሴቶች፣ የጀርባ ክንፉ ላይ ረጅም እሾህ ያለው ሐምራዊው ደግሞ ወንዱ ነው፤ እርሱ ሲጠፋ ከሴቶቹ ትልቋ ወደ ወንድነት ትለወጣለች። ደግሞም ቀይ ብርሃን በውኃ ውስጥ ሩቅ ስለማይዘልቅ፣ ጠለቅ ሲባል ቀዩ ዓሣ ያለ መብራት ግራጫ ይመስላል። ቀለም አትመኑ ያልኩት ለዚህ ነው።

ጥያቄ (ኮምቦልቻ)፦ የሐይቅ ቆሮሶ ዓሣስ?

መልስ፦ የሐይቅ አስጋሪዎችን ጠይቅ።

ጥያቄ (ሆጤ)፦ ጋሼ፣ ያ ቢጫው ዓሣ፣ ትንሽ ሰማያዊም አለበት።

መልስ፦ አፉስ የት ነው?