ስለ ፍራንክፈርት ባንሆፍ ለጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚበዙት ስለ ፍራንክፈርት ዋና ባቡር ጣቢያ ናቸው። ዘመድ የምትቀበሉ፣ ዘመድ የምትሸኙ፣ ቅጣት የመጣባችሁም አላችሁ።

ከኤርፖርት ወደ ባንሆፍ ያለ ታክሲ መሄድ ይቻላል ወይ?

ይቻላል። ከተርሚናል 1 ስር ኤስ 8 ወይም ኤስ 9 የሚባለውን የከተማ ባቡር (ኤስ-ባን) ይያዙ፤ ሩብ ሰዓት ቢፈጅብዎ ነው። ኦፈንባህ ወይም ሃናው የሚለው ነው የእርስዎ፤ ቪስባደን ካለ በተቃራኒው ይወስድዎታል። ቲኬት ሳይቆርጡ እንዳይሳፈሩ።

በዶይችላንድቲኬት (በመላ ጀርመን በሚሠራው የወር ቲኬት) አይሲኢ የሚባለው ፈጣን የረጅም ርቀት ባቡር ላይ መውጣት እችላለሁ?

አይቻልም። ለከተማና ለአካባቢ ትራንስፖርት ብቻ ነው።

አንዲት እህት እናቷን ከሃምቡርግ ወደ ፍራይቡርግ አሳፈረቻቸው። ባቡሩ ፍራንክፈርት ገብቶ ሲወጣ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረ። እናት «ወደ መጣሁበት ሊመልሰኝ ነው» ብለው በሚቀጥለው ጣቢያ ሻንጣቸውን ይዘው ወረዱ። «ባቡሩ ተሳስቶ ነው ወይ?» ትላለች።

ባቡሩም አልተሳሳተም፣ እናትሽም አይፈረድባቸውም። የፍራንክፈርት ጣቢያ ሐዲዱ የሚያልቅበት ጣቢያ ነው። ከ1 እስከ 24 ቁጥር ያላቸው ግላይሶች (የባቡር መስመሮች) በሙሉ አዳራሹ ውስጥ ይቆማሉ፤ ከፊታቸው ያለው ግድግዳና የሰው መተላለፊያ ነው። ስለዚህ የገባ ባቡር በገባበት በኩል ይወጣል። አይሲኢ በሁለቱም ጫፍ የሾፌር ክፍል አለው፤ ሾፌሩ በሌላኛው ጫፍ ይገባና ጉዞው ይቀጥላል። ፊት ለፊት እያየ የመጣ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል፤ ማንም ካልነገረው ቢደናገጥ አይገርምም።

ነገሩ የቆየ ነው። ጣቢያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1888 ነው። ከዚያ በፊት በከተማዋ ምዕራባዊ ዳር ሦስት የተለያዩ ጣቢያዎች ነበሩ፤ እነሱን ነው አንድ ላይ ያመጣቸው። መጀመሪያ ሦስት የብረትና የመስተዋት አዳራሾች ነበሩት፤ በ1924 ከግራና ከቀኝ ሁለት ተጨመሩ። ከደጅ ቀና ብትዪ ጣሪያው ላይ ዓለምን የተሸከመውን የአትላስን ሐውልት ታያለሽ። ኤስ-ባን ግን ከ1978 ወዲህ ሳይዞር መሐል ከተማውን ከስር አቋርጦ ያልፋል። ለረጅም ርቀት ባቡሮችም የምድር ውስጥ መንገድ ለመቆፈር ታቅዷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቋንቋ የማይችሉ እናቶችንና አባቶችን ቲኬት አስጨብጠን ብቻቸውን እንልካለን። እባካችሁ፣ ከመላካችሁ በፊት ስለዚህ መገልበጥ ንገሯቸው። የሚወርዱበትን ጣቢያ ስምና የሚደርሱበትን ሰዓት በላቲን ፊደል በትልቁ ጻፉላቸው፤ ለአጠገባቸው ሰው ያሳዩታል። ባቡር የሚቀይሩ ከሆነ ደግሞ ባንሆፍስሚሲዮን የሚባለውን በባቡር ጣቢያ መንገደኛ የሚረዳ ድርጅት አስቀድማችሁ አነጋግሩ። ሰማያዊ ሰደርያ የለበሱት ናቸው። የካቶሊክና የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ያቋቋሙት ቢሆንም ሃይማኖት አይጠይቁም፣ ገንዘብም አይቀበሉም። አስቀድማችሁ ከተነጋገራችሁ ከባቡሩ በር ተቀብለው እስከሚቀጥለው ባቡር ያደርሷቸዋል። በዊልቼር ለሚሄዱ የባቡር ድርጅቱ ራሱ የድጋፍ አገልግሎት አለው፤ እሱም ቀድሞ ማስመዝገብ ይፈልጋል።

ባቡሬ ከአንድ ሰዓት በላይ ዘገየ። ዝም ልበል?

ለምን ዝም ትላለህ? መድረሻህ ላይ 60 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከዘገየ የቲኬቱ ዋጋ 25 በመቶ፣ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከሆነ 50 በመቶ ይመለስልሃል። ለየት ያሉ ሁኔታዎች አሉ፤ ዝርዝሩን የቲኬት ቢሮውን ጠይቅ። ማመልከቻውን በሦስት ወር ውስጥ አስገባ።

አንድ ወንድም የወር ቲኬቱን ቤት ረስቶ 60 ዩሮ ተቀጣ። ደብዳቤዎቹን ሳይከፍት ጣላቸው። አሁን ከፍርድ ቤት ቢጫ ፖስታ መጥቶለታል፤ «ይሄንንም ልተወው?» ይላል።

በፍጹም! በስምህ የተቆረጠውን ቲኬት በሳምንት ውስጥ ብታሳይ ኖሮ 7 ዩሮ ከፍለህ ትገላገል ነበር። እሱ አልፏል። ያ ፖስታ የክፍያ ትእዛዝ የያዘ ከሆነ ግን ለመቃወም ያለህ ሁለት ሳምንት ብቻ ነው። የሚቆጠረውም ፖስታው ከደረሰህ ቀን ጀምሮ ነው፤ ቀኑ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ እንዳትጥለው። እኔ ጠበቃ አይደለሁም፤ በዚህ ጉዳይ የጓደኛ ምክርም አይበቃህም። ነፃ የዕዳ ምክር የሚሰጡ ቢሮዎች አሉ፤ የካቶሊክ በጎ አድራጎት ድርጅቱ ካሪታስ አንዱ ነው። ጠበቃ ካስፈለገህና ገቢህ ዝቅተኛ ከሆነ በአካባቢህ ፍርድ ቤት የምክር እርዳታ ወረቀት ጠይቅ፤ በሱ ለጠበቃው የምትከፍለው 15 ዩሮ ነው። ፖስታውን፣ የወር ቲኬቱንና የገቢ ማስረጃህን ይዘህ ነገ ጠዋት ሂድ።