ድራም ስትመታ ቅልጥምህ ከተቃጠለ መጀመሪያ ወንበሩን እይ

ወንድሜ ጥያቄህን አየሁት፣ ተረከዜን አንስቼ የድራሙን ፔዳል ስመታ ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቅልጥሜ ይቃጠላል፣ ጉራጊኛ ላይ ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ድራም) ይዘገይብኛል፣ ደብል ፔዳል (በሁለት እግር የሚመታውን) ልግዛ ወይ ነው ያልከው። እኔ ብሆን ብር አላወጣም፣ መጀመሪያ ወንበሩን ነው ማየው።

ዝቅ ብለህ ከተቀመጥክ ጉልበትህ ከዳሌህ በላይ ይሆንና ጭንህን ማንሳት ይከብድሃል፣ ስራው ሁሉ ቁርጭምጭሚት ላይ ይወድቃል፣ በምት መሃል ጣትህን ወደላይ ጎትተህ ትይዛለህ፣ ቅልጥም ሚያቃጥለው እሱ ነው። ጭንህ ወደ ጉልበት ትንሽ እስኪያዘቀዝቅ ወንበሩን ከፍ አርገው፣ የጉልበትህ አንግል ከ90 ዲግሪ ትንሽ ሰፋ ይበል። ከዛ ስኔር (ፊትህ ያለውን በዱላ የሚመታውን ድራም) እየመታህ ሁለቱንም እግርህን ከፔዳል አንሳ። ወደኋላ ከሄድክ ሰውነትህን የተሸከመው ወንበሩ ሳይሆን እግርህ ነው ማለት ነው፣ ሰው ተሸክሞ የሚመታ እግር ደሞ ከየት አምጥቶ ይፈጥናል? በተለይ ሃይሃት (በፔዳል የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሳህን) ላይ ያለው ግራ እግርህም ተረከዙ ከተነሳ።

ካዛንቺስ ሳይፈርስ እዛ ስንሰራ አንዳንዱ ቤት የድራሙ ወንበር ወይ እየተጫወትክ ዝቅ ዝቅ ይላል ወይ ጭራሽ የለም፣ ፕላስቲክ ወንበር ያቀርቡልሃል። ለዛ ነው እስካሁን ወንበርና ፔዳሌን ይዤ ምዞረው፣ የታክሲ ሹፌር ሁሉ ምንድነው ይሄ ብሎ ይጠይቀኛል።

ተረከዝ ማንሳት ማለት ደሞ እግርን አየር ላይ አንጠልጥሎ መጠበቅ አይደለም። ጭንህ ትንሽ ይነሳል፣ በራሱ ክብደት ይወድቃል፣ ከምቱ በኋላ እግርህ ፔዳሉ ላይ ያርፋል በቃ። ቀስ ያለ ትዝታ ከሆነ ተረከዝህን አውርደው፣ ድምፁም ይለሰልሳል። ቢተሩን (ኪኩን የሚመታውን የፔዳሉን መዶሻ) ቆዳው ላይ ተጭነህ ካስቀረኸው ድምፁ አጭርና ደረቅ ይሆናል፣ ከለቀቅከው ይተነፍሳል፤ 22 ኢንቹ ኪክ ውስጥ ብርድልብስ ከተወተፈበት ልዩነቱ ብዙ አይሰማህም፣ 18 ኢንቹን ባዶውን ስትጫወት ግን ወዲያው ይታወቃል። የፔዳሉን ስፕሪንግም አታክርረው፣ በየምቱ ከሱ ጋር ነው ምትታገለው።

ሴራሚክ ወለል ላይ ከሆነ ምንጣፍ አንጥፍ፣ አለበለዚያ ድራሙ ወደፊት ሲንሸራተት አንተም ሳታውቀው እግርህን እየዘረጋህ ትከተለዋለህ፣ ያስተካከልከው ሁሉ ገደል ገባ።

አንድ ሁለት ሳምንት ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ አርገህ እንደዚህ ስራ። ጉራጊኛው እኮ በአንድ እግር ነው ሚመታው፣ ደብሉ ለሱ ምንም አይፈይድልህም። ተቀምጠህ ከጎን ፎቶ ተነስና እዚሁ ለጥፍ፣ እናየዋለን።