ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ጠፉ እንዴ? (መልስ)
ድምፅ ያለው ፊልም ሲመጣ የድሮዎቹ አክትረሶች በሙሉ ከስራ ወጡ ወይ ላልከው፣ ኧረ ሁሉም አይደሉም፣ የድምፅ አልባ ፊልም ዘመን አሜሪካዊት አክትረስ የነበረችውን ሊሊያን ጊሽን እያት። 1912 ላይ (በፈረንጅ ነው) ከእህቷ ከዶሮቲ ጋር ነው ፊልም የጀመረችው። 1920 ላይ የወጣው ፊልሟ ውስጥ ወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ በረዶ ተኝታ የምትሄድበት ሲን አለ፣ በረዶው የምር በረዶ ነው፣ እጄንና ፀጉሬን ውሃው ውስጥ ልንከረው ያለችውም ራሷ ናት፣ ከዛ በኋላ እጇ ስንት ዘመን አስቸግሯታል መሰለህ! ዛሬ ቢሆን በኮምፒውተር ተሰርቶ ያልቅ ነበር። ብቻ ድምፅ ሲመጣ ወደ ቲያትር ዞረች፣ ቆይታ ወደ ፊልም ተመለሰች፣ 1971 የክብር ኦስካር ሰጧት፣ የመጨረሻ ፊልሟ 1987 ሲወጣ ዕድሜዋ ከ90 አልፎ ነበር። ለኔ ግን ምርጡ 1928 የወጣው «ዘ ዊንድ» (The Wind) የተባለው፣ ሞሃቬ በረሃ ላይ በአውሮፕላን ሞተር አሸዋ እየነፉባት የተቀረፀው ነው፣ ፈልገህ እየው።