የሚቀበር የግጦሽ ውሃ መስመር፦ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ ጠፈፍ ሲል፣ ኑሯቸው ፒያሳ፣ ልደታ ወይም አራት ኪሎ ሆኖ ከብቶቻቸው ሱሉልታ፣ ሆለታ ወይም ደብረ ብርሃን አካባቢ የሚገኙ አንባቢያን ስለ ውሃ መስመር መጠየቅ ያበዛሉ። ቱቦው የሚገዛው መርካቶ ወይም ተክለ ሃይማኖት ቢሆንም የሚቀበረው ሻጩ አይቶት በማያውቀው መሬት ስለሆነ፣ መልሶቹን ከመሬቱና ከከብቶቹ ጠባይ ጀምሬ ለመስጠት ሞክሬአለሁ።

ከፒያሳ፦ ሱሉልታ ባለን ቦታ ከሮቶው እስከ ግጦሹ ገንዳ 600 ሜትር ነው፤ ገንዳው ከሮቶው በ15 ሜትር ዝቅ ይላል። ለ20 የተዳቀሉ የወተት ላሞች ባለ 25 ሚሊ ሜትር ቱቦ ይበቃል ተብያለሁ። እውነት ነው?

ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ መልስ ነው። በጥቁሩ ፕላስቲክ ቱቦ ላይ የሚጻፈው ቁጥር የውጭ ስፋቱ ስለሆነ፣ በባለ 25ቱ ውስጥ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ ከ20 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። የ15 ሜትር ቁልቁለት የሚሰጠው 1.5 ባር ገደማ ግፊት ነው፤ ይህም ውሃው 600 ሜትር ሙሉ ከቱቦው ግድግዳ ጋር እየተፋተገ ሲሄድ ያልቃል። ሲሰላ ባለ 25ቱ በደቂቃ 12 ሊትር፣ ባለ 32ቱ 28 ሊትር፣ ባለ 40ው ደግሞ 50 ሊትር ገደማ ያደርሳል። አንዲት የምትታለብ ላም በቀን 80 ሊትር ትጠጣለች ብንል ለ20ዎቹ 1,600 ሊትር ያስፈልጋል፤ ይህን ያህልማ ባለ 25ቱም ከሁለት ሰዓት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ያደርሰዋል።

ችግሩ ላሞቹ ተራ ጠብቀው የማይጠጡ መሆናቸው ነው። ከግጦሽ ተያይዘው ይመጣሉ፤ አንዷ ብቻዋን በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ሊትር ስለምትስብ፣ አራት ላሞች ጎን ለጎን ቆመው ባለ 200 ሊትር ገንዳ በጥቂት ደቂቃዎች ያደርቁታል። ጉልበተኞቹ ጠጥተው ሲሄዱ ጊደሮቹና ደካሞቹ ባዶ ገንዳ ይልሳሉ፤ መንጋው ፈቀቅ ካለ ደግሞ ውሃው እስኪሞላ ሳይጠብቁ ተከትለውት ይሄዳሉ። ስለዚህ የቱቦው ስፋትና የገንዳው መጠን አብረው መታሰብ አለባቸው። እኔ ባለ 32ቱን ከ500 ሊትር ባላነሰ ገንዳ እመርጣለሁ፤ የቁፋሮው ወጪ ለሁለቱም ቱቦ ያው ነውና። ነገ ላሞቹ 30 ቢደርሱ ሌላ ገንዳ መጨመር ይቻላል፤ የተቀበረን ቱቦ ማስፋት ግን አይቻልም።

ከልደታ፦ ምናለሽ ተራ በርካሽ ያገለገለ ጥቁር ቱቦ አግኝቻለሁ። ልግዛው?

ለሚቀበር መስመር አይግዙት። በቱቦው አካል ላይ ፒኢ 100፣ ፒኤን 10፣ ስፋቱና የተመረተበት ጊዜ ታትሞ መነበብ፣ ለመጠጥ ውሃ መሆኑን የሚያሳየው ሰማያዊ መስመርም መታየት አለበት። ፒኢ 100 የፕላስቲኩ ዓይነትና ደረጃ መለያ ነው፤ ፒኤን 10 ማለት ደግሞ 10 ባር ግፊት የሚችል ማለት ነው። አዲስ ሲገዙም ጫፉን አስቆርጠው የግድግዳው ውፍረት ዙሪያውን እኩል መሆኑን ይመልከቱ።

ከአራት ኪሎ፦ ያነበብኩት የውጭ አገር መመሪያ ከአንድ ሜትር በላይ ቆፍሩ ይላል። ሆለታ ያለው መሬታችን ጥቁር መረሬ ነው። ያን ያህል መቆፈር ያስፈልጋል?

አያስፈልግም። እነዚያ መመሪያዎች የተጻፉት መሬቱ ወደ ውስጥ ዘልቆ በረዶ ለሚሆንባቸው አገሮች ነው። በእኛ ደጋ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ያቃጥላል እንጂ የተቀበረ ውሃ አያረጋም። እኛ የምንቀብረው ከፀሐይ፣ ከኮቴ፣ ከማረሻና ከሌባ ለመጠበቅ ስለሆነ በግጦሽ መሬት 60 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ መኪና ወይም ትራክተር በሚያቋርጥበት ቦታ ብቻ ወደ 1 ሜትር ያውርዱት።

ከጥልቀቱ ይልቅ አፈሩ ሊያሳስብዎ ይገባል። መረሬ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፤ ክረምት ሲገባ አብጦ ይገጥማል። ይህ እንቅስቃሴ ግትሩን የፒቪሲ ቱቦ መገጣጠሚያው ላይ ይሰብረዋል፤ የብረት ቧንቧ ደግሞ በእርጥበቱ ይዝጋል። ተጣጣፊው ጥቁር ቱቦ ይሻላል፤ እሱም ቢሆን በቦዩ ውስጥ ተወጥሮ ሳይሆን ላላ ብሎ፣ ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘ መተኛት አለበት። በፀሐይ የጋለ 100 ሜትር ቱቦ በ20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚያጥር፣ ቀትር ላይ ተወጥሮ የታሰረ ቱቦ ሌሊቱን ከማያያዣው ሊወጣ ይችላል። የደረቀ የመረሬ ጓል ከድንጋይ አይለይም፤ ከቱቦው ሥርና ከላዩ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል አሸዋ ወይም የደቀቀ አፈር ያድርጉበት።

ለቁፋሮው የጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ምቹ ናቸው። ጥር ላይ አፈሩን ዶማ አይበላውም፤ ሐምሌ ላይ ቦዩ ውሃ ይሞላል፣ ባዶ ቱቦም ይንሳፈፋል። መገጣጠሚያዎቹን ሳይሸፍኑ መስመሩን ውሃ ሞልተው ያሳድሩት፤ ጠዋት አንድም መገጣጠሚያ ካልረጠበ ይድፈኑት። መስመሩ የሚያልፍበትንም ከአጥሩ እየለኩ በወረቀት ላይ ይንደፉ።

ከአምባሳደር አካባቢ፦ ቁልቁለት እያለን ውሃው እየተቆራረጠ ይመጣል፤ መሐል ላይ ጉብታ አለ።

ጉብታው ላይ አየር ታፍኗል። እዚያ ቦታ አየር ማስወጫ ቫልቭ ያስገቡ፤ የጉብታው አናት ግን ከሮቶው የውሃ ከፍታ በታች መሆኑን አስቀድመው ይለኩ።

ከካዛንቺስ፦ እናቴ ሰበታ ላሞቿን የምታጠጣው ከከተማው ቧንቧ በተቀጠለ መስመር ነው። ውሃው በፈረቃ ይመጣል፤ የቱቦው ጫፍ ገንዳው ውስጥ ተነክሯል። ችግር አለው?

አለው፤ ከዛሬዎቹ ጥያቄዎች ሁሉ አስቸኳዩ ይህ ነው። ፈረቃው ሲያልቅና ግፊቱ ሲወርድ መስመሩ ወደ ኋላ ይስባል፤ ያን ጊዜ እበትና ለሃጭ የገባበት የገንዳ ውሃ እናትዎ ወደሚጠጡት ቧንቧ፣ አልፎም ወደ ጎረቤት ሊሄድ ይችላል። የማይመልስ ቫልቭ ይረዳል፤ ግን ጠጠር ወይም ዝገት ገብቶበት ሳይዘጋ ሊቀር ስለሚችል እሱን ብቻ መተማመን አይገባም። የሚያስተማምነው የከተማው ውሃ መጀመሪያ ወደ ሮቶ ከላይ እንዲወርድ፣ ገንዳው ደግሞ ከሮቶው እንዲሞላ ማድረግ ነው፤ ውሃ በማይመጣበት ቀንም ላሞቹ አይጠሙም። ይህ እስኪሠራ ግን የቱቦውን ጫፍ ዛሬውኑ አውጥተው ከገንዳው ጠርዝ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው ይሰሩት።