አምፖሉን ተዉት፣ ምጣዱን እዩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔና ባለቤቴ ባሃኢዎች፣ ማለትም የባሃኢ ሃይማኖት ተከታዮች ነን፤ የምንኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። የመብራት ሒሳብ ከጨመረ ወዲህ ቤታችን ሰላም የለውም። ባለቤቴ ከክፍል ክፍል እየዞረ አምፖል ያጠፋል። ልጆቹ ሲያጠኑ ሳይቀር «አንዱ ይበቃችኋል» ይላል። ስናገረው «እምነታችን ልከኝነትን አይደል የሚያስተምረው?» ብሎ አፌን ያስዘጋኛል። እኔ ደግሞ ህዳሴ ግድብ ተመርቆ ምን ቁጠባ ነው እላለሁ። ደግሞስ የምንከፍለው ከኪሳችን አይደል? ፍርዱን ስጡን።
የሦስት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ሐሳቡ ደህና ነው፤ የሚያሳድደው ግን ሌላ ዕቃ ነው።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ባሃኢ ሳይንስና ሃይማኖት አይጣሉም ይላልና እስክሪብቶና ወረቀት ማንሳት ከጸሎት አያስቀርም። ተራ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። አንድ ሰዓት ሲሠራ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት በላ ማለት ነው። ባለ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል በዚሁ ጉልበት፣ በየምሽቱ 5 ሰዓት እየበራ፣ ሁለት ወር ተኩል ይዘልቃል። የአንድ ሰዓት ምጣድ! ስለዚህ ልጆቹን አታጨልሙባቸው። የድሮው ባለ 60 ዋት ቢጫ አምፖል ካላችሁ ግን ዛሬውኑ ቀይሩት፤ ከብርሃኑ ሙቀቱ ይበልጣል።

ወደ ምጣዱ እንምጣ። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይግልም፤ ከጋለ ደግሞ ቶሎ አይቀዘቅዝም። እስኪግል የሚበላው ሁሉ አንድም እንጀራ ሳይወጣበት የሚቆጠር ነው። ሊጡ ኩፍ ሳይል ምጣድ የሚለኩስ ሰው አይቻለሁ፤ ምጣዱ ግሎ ሊጥ ይጠብቃል፣ ቆጣሪው ይሮጣል። ከመለኮስሽ በፊት ሊጡም፣ ማሰሻውም፣ ሰፌዱም እጅሽ ስር ይሁን። በሳምንት ሦስቴ ትንሽ ትንሽ ከመጋገር አንዴ በርከት አድርጎ መጋገር ይሻላል። ወደ መጨረሻው እንጀራ ስትደርሺ ማብሪያውን አጥፊው፤ አክንባሎው በደንብ ከተከደነ ሸክላው በያዘው ሙቀት ይበስላል። ከዚያ በኋላ በሚቀረው ሙቀት ደግሞ ድርቆሽ አድርቂበት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ከጎረቤት ጋር ተራ ገብቶ በአንዱ ቤት መጋገር ነው። ምጣዱ አንዴ ግሎ ለሁለትና ለሦስት ቤት ይሆናል፣ ወሬውም አይቀርም። ሒሳቡን እንደ አጋገራችሁ ተካፈሉ፤ ይሉኝታ እዚህ ላይ አያስፈልግም።

የታሪፉንም ነገር እወቂው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ያለው አጠቃቀም ርካሽ ነው፤ አጠቃቀምሽ ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱም ዋጋ አብሮ ይወጣል።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ህዳሴ እውነትም ትልቅ ነው። ጳጉሜን 2017 ተመርቋል፣ አቅሙም 5,150 ሜጋዋት ነው። ከሱ በፊት ደግሞ ከጣናችን ውሃ የሚወስደው ጣና በለስ በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋዋት ይዞ ሥራ ጀምሯል። ግን ከግድቡ እስከ ምጣድሽ ድረስ ሽቦ አለ፣ ማከፋፈያ አለ፣ የሰፈር ትራንስፎርመር አለ። ማታ አምፖሉ ደብዘዝ ቀላ ሲል ግድቡ ውሃ አጥሮት አይምሰልሽ፤ ብዙ ጊዜ የሰፈሩ ምጣድ ሁሉ በአንዴ ተለኩሶ ነው። ከምሽቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ባትጋግሪ ለጎረቤትሽ ውለታ ዋልሽለት። ገጠር ያለው ብዙው ወገናችን ደግሞ መስመሩ ገና አልደረሰውም።

«ከኪሳችን» ላልሽው ባሃኢዎች የሚያወሩትን አንድ ታሪክ ላስታውስሽ። ለአብዱል-ባሃ፣ ለእምነቱ መሥራች ለባሃኦላህ ልጅ፣ ውድ ካባ ተሰፋላቸው። ዋጋውን ጠየቁ። በዚያ ገንዘብ አምስት ተራ ካባ እንደሚገዛ ሲያውቁ አምስቱን አስገዙና አንዱን ለራሳቸው አስቀርተው አራቱን ለሌሎች ሰጡ። ካባው የራሳቸው፣ ገንዘቡም የቤታቸው ነበር፤ ማንም አይጠይቃቸውም ነበር። እሳቸው ግን ያዩት አራቱን ሰዎች ነው።

ባለቤትሽ ልከኝነትን መጥቀሱ አልከፋኝም። ባሃኦላህ ማንኛውም ነገር ከልኩ ካለፈ ጥቅሙ እንደሚቀር፣ ስልጣኔ ራሱ ሳይቀር ልኩን ካለፈ ለሰው መከራ እንደሚሆን አስተምረዋል። ይህን ያሉት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፣ አምፖል ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ። ነገር ግን ልጅን ማስተማርም ለባሃኢ ወላጅ ግዴታ ነው። በልከኝነት ስም የጥናት መብራት ማጥፋት አንዱን ትእዛዝ ይዞ ሌላውን መምታት ነው፤ ይህን በሉልኝ።

ስትነግሩት ግን በጭቅጭቅ አይሁን። ልጆቹንም ጨምራችሁ ተማከሩ። በባሃኢ ምክክር ሰው ሐሳቡን ከተናገረው ወዲያ ሐሳቡ የሁሉም ነው፤ «እኔ ብያለሁ» ብሎ ሙጭጭ ማለት የለም። ትልቁ ልጅ ምጣዱ ከመለኮሱ በፊትና ከጠፋ በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር ይጻፍና ለአባቱ ያሳየው። ቁጥሩን ካየ በኋላ አምፖል ማሳደዱን ትቶ ማሰሻ ቢይዝልሽ አይገርመኝም። ሴትና ወንድ እኩል ናቸው ብለን የለ?

ጥያቄ፦ መብራት ሲጠፋ በከሰል እናበስላለን። በባሃኢ ሕግ ክልክል ነው? ባቄላ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል፣ ከሰሉን ጨረሰው።
ወንደላጤ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሰል አታቃጥል የሚል ሕግ የለም። ቡናህንም አፍላ፣ እስከ በረካው ድረስ። ይሁን እንጂ እንጨት ከሰል እስኪሆን ብዙው ጉልበቱ እዚያው በጭስ ይወጣል፤ ስለዚህ አንድ ጆንያ ከሰል ስታነድ ከአንድ ጆንያ በላይ እንጨት ነደደ ማለት ነው። ላቀች ምድጃ ካልገዛህ ግዛ፣ ከሰሉን በሩብ ያህል ይቀንስልሃል። በር ዘግተህ ደግሞ እንዳትተኛበት፤ የከሰል ጋዝ አይሸትም፣ ይገድላል።

የባቄላው ነገር የከፍታችን ጣጣ ነው። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች እዚህ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ93 ዲግሪ አካባቢ ነው። አንዴ ከፈላ እሳት ብታበዛበትም ከዚያ በላይ አይሞቅም፤ እየተነነ ያልቃል እንጂ። ማታ ዘፍዝፈህ እደር። ከፈላ በኋላ ክደነውና እሳቱን ቀንስ። ፕሬሸር ኩከር ካለህ ነገሩ አለቀ። ከሌለህ ከጎረቤት ተዋስ፣ ስትመልስ ግን ባዶውን አትመልስ፤ ከባቄላው ጨምርበት።